የጎረቤት ኮከብ ብርሃን

ቦዔዝ ዋቅሹማ ለጥያቄ እጁን ሲያወጣ ሀምዲያ ደስ አላት። ኋላ ስታስበው ከሁሉም ይልቅ የሚያንገበግባት ይህ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ተነፋፍገው ከርመዋል። ቢሆንም በዚያ ሁሉ መምህር ፊት ስለ ሥራዋ አንድ ጥሩ ቃል ሊናገርላት ነው ብላ፣ ያቺ ሞኝ ልቧ ብድግ አለች።

«መምህርት ሀምዲያ ያቀረቡት ስፋት ስህተት ነው» አለ ቦዔዝ።

እርስዎ አላት። ሁለት ዓመት በአንድ ኮምፒውተር ላይ አብሯት ተደፍቶ፣ አንድ ማንጎ ለሁለት ተካፍሎ በልቶ፣ «ሀምዲ» እያለ ሲጠራት የኖረ ሰው ዛሬ እርስዎ አላት።  የግንቦት ሙቀት የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲያንጣጣው፣ ከውጭ ደግሞ የበሰለ ማንጎ መሬት ላይ ሲፈርጥ ብቻ ይሰማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀምዲያ ዐብዱልቃድርና ቦዔዝ አሶሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ፊዚክስ የሚያስተምሩ ወጣት መምህራን ናቸው። ጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች፣ መጣሁ ሄድኩ በሚል ኔትወርክ እያወረዱ፣ አንድ ሩቅ ኮከብ ሲከታተሉ ከርመዋል። ኮከቡ ከፀሐያችን ትንሽ ያነሰ፣ ትንሽም ቀዝቀዝ ያለ ነው። በየአሥራ አንድ ቀኑ አንዲት ፕላኔት በፊቱ ታልፋለች፤ ስታልፍ ብርሃኑ ከመቶ ሺህ እጅ ሠላሳ አምስት እጅ ያህል ይጎድላል። ፕላኔቷን ማንም አላያትም፤ ስፋቷ የሚታወቀው ከዚያች ከጎደለችው ብርሃን ነው። ክብደቷን ውጭ አገር ያሉ ተባባሪዎቻቸው ለክተው ልከውላቸዋል፤ የመሬትን ስድስት እጥፍ። ሀምዲያ ደግሞ ስፋቷን አስልታ የመሬትን አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ አገኘች። ያን ሁሉ ክብደት በዚያች ጠባብ ገላ ያጨቀች ፕላኔት ድንጋይ ብትሆን ነው። «ድንጋይ ናት» ስትል አዳራሹ አጨበጨበላት። ጭብጨባው ሳይበርድ ነው ቦዔዝ የተነሳው።

«ያ ብርሃን የአንድ ኮከብ ብቻ አይደለም» ብሎ ቀጠለ፤ የሚያየው እሷን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው። «ከጎኑ ሌላ ኮከብ አለ። የሁለቱን ብርሃን ደምረው ነው የለኩት። ይህን ደግሞ መምህርት ሀምዲያ ያውቃሉ።»

«አላውቅም» አለች ሀምዲያ። 

«ያውቃሉ። አውቀው ነው የደበቁት።»

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ደባልቄ መነጽራቸውን አወለቁ። እኚህ ሰው መነጽር ካወለቁ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። «እዚህ ቤት ሰው በሰው ፊት ሐሰተኛ አይባልም፣ ቦዔዝ። ተቀመጥ» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺም ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እዚሁ ሁላችንም ፊት ትቀርቢያለሽ። ወይ ልክ መሆንሽን ታሳይናለሽ፣ ወይ ታርሚዋለሽ። ነገ ለኅትመት የሚላከው ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ያንቺ ስም ነው።»

ሀምዲያ ወረቀቶቿን ስትሰበስብ አንድም ሰው ዓይኗን አላያትም።  የምትወደውን ሰው በዚያች ቅጽበት የጠላችውን ያህል ማንንም ጠልታ አታውቅም ነበር።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከትልቁ ማንጎ ሥር ደረሰችበት።

«ቁም» አለችው። አልቆመም። «ቦዔዝ፣ ቁም ብዬሃለሁ።»

ቆመ። ፊቱን ግን አላዞረም።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ አደረግከኝ።»

«ሌባ አላልኩሽም።»

«ደበቀች ማለት ታዲያ ምንድን ነው? ምቀኝነት ነው ወይስ ጥላቻ? ንገረኝና ልረፍ።»

አሁን ዞረ። ከስቷል፤ ይህንንም ማየቷ አናደዳት። «መጀመሪያ ለብቻሽ ነገርኩሽ» አለ። «በጽሑፍ፣ ቁጥሩን ከነስሌቱ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩሽ። አንብበሽ ዝም አልሽ፣ ዛሬ ደግሞ ወጥተሽ ያንኑ ውሸት አጨብጭቡልኝ አልሽ። እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ?»

«መቼ ነው የነገርከኝ?»

«ደብዳቤው።»

 የሀምዲያ ስልክ ቤት ውስጥ ከአንዱ ወንድሟ ወደ ሌላው እጅ ስለሚዞር ሁለቱ ከመጀመሪያው የሚጻጻፉት በወረቀት ነው። መምህራን ክፍል መደርደሪያ ላይ ማንም የማይነካው አንድ ወፍራም የብርሃን ጥናት መጽሐፍ አለ፤ ደብዳቤያቸውን እዚያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። የመጨረሻውን ከሦስት ሳምንት በፊት አውጥታዋለች። ዛሬም ከነማሸጊያው መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል።

«አልከፈትኩትም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልከፈትኩትም። ምን እንደሚል አውቀው ነበራ። ባምባሲ ገበያ እህትህን ወርቂቱን አገኘኋት። ‹ለቦዔዝ ኢልሊን ልንድርለት ነው፣ ሽማግሌ ሄዷል› አለችኝ፤ ሠርጉ ላይ እንድገኝም ጋበዘችኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ያንተ ደብዳቤ መጣ። የስንብት ወረቀት ለማንበብ አቅም አልነበረኝም።»

ቦዔዝ ሳቀ። ደስ የማይል፣ የተቆረጠ ሳቅ ነው። «ሳትከፍቺው ምን እንደሚል አወቅሽ።»

«እንግዲያው ሐሰት ነው በለኝ። ሽማግሌ አልሄደም በለኛ።»

«ሄዷል» አለ።

«ታዲያ ከእኔ ምን ቀረህ?»

«ምንም» አለ ቦዔዝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «አሁን ምንም አልቀረኝም። ያንን ደብዳቤም ጣይው፤ ቀኑ አልፎበታል።»

ትቷት ሄደ። ሀምዲያ ላለማልቀስ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ ከማንጎው ሥር ቆማ ቀረች። ስታለቅስ ቢያያት ከዚያ የባሰ ውርደት የሚኖር አልመሰላትም።

አባቷ ሐጂ ዐብዱልቃድር ከገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አላቸው። ከኩርሙክ በኩል ወርቅ አጣቢዎች ያመጡትን ወርቅ ይገዛሉ። ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በበርታኛ ነው፤ ሲናደዱ ግን ሳያውቁት ወደ ገበያ አማርኛቸው ይዞራሉ። ያን ቀን ገና ፊቷን ሲያዩ ዞሩ።

«ያ የባምባሲ ልጅ ነው። ምን አደረገ?»

ነገረቻቸው። ስለ ደብዳቤው አይደለም፤ ስለ አዳራሹ ብቻ። ሐጂ ወርቁን የሚያበጥሩበትን ነጭ ወረቀት ዘረጉና በንዴት መታ መታ አደረጉት።

«እኔ ነገርኩ፣ አንቺ ነው አልሰማም ያለ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ እኛ ሌላ፣ እሱ ሌላ። ሥራ ነው ብለሽ። እሺ፣ ሥራ ይሁን አልኩ። አሁን ሥራውም ኸላስ፣ አለቀ።» ደስ ያላቸው ይመስላሉ። ይህም ሀምዲያን አሳመማት፤ በቦዔዝ ላይ የሚያግዛት ሰው ስታገኝ ደስ ይለኛል ብላ ነበር የመጣችው።

ወረቀቱ ላይ አንድ ቁንጥር ወርቅ ነሰነሱ። ከዚያ በስስ ወረቀት የጠቀለሉትን ማግኔት አንስተው በላዩ ላይ ቀስ ብለው አሳለፉት። ጥቁር አሸዋው እየዘለለ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ፤ ወርቁ ብቻውን ቀረ። ይህን ሳያደርጉ ሚዛን ነክተው አያውቁም። የገዛ ወንድማቸው ቢያመጣውም፣ ታጥቦ ተበጥሯል ቢሏቸውም፣ ማግኔት ካላለፈበት አይመዝኑም።

«ልጁ ምን ተሳሳተሽ አለ?» ሲሉ ጠየቁ፣ እንደ ዋዛ።

«ባባ፣ አይገባህም።»

«ንገሪኝ።»

«ሁለት ፋኖስ ጎን ለጎን አድርግ» አለች፤ እልህ ይዟታል። «ከሩቅ ስታያቸው አንድ መብራት ነው የሚመስሉት። በአንዱ ፊት ዝንብ ብታልፍ የዚያ የአንዱ ብርሃን ትንሽ ይጎድላል፤ የሌላው ግን ምንም አይሆንም። አንተ የሁለቱን አንድ ላይ ስለምታይ የጎደለው ከእውነተኛው ያነሰ ይመስልሃል። ዝንቧንም ከልኳ አሳንሰህ ትገምታታለህ። እሱ የሚለው ይህንን ነው፤ የጎረቤቱን ብርሃን ሳትቀንስ ለካች ነው የሚለው።»

ሐጂ ዐብዱልቃድር ማግኔቱን አስቀመጡ። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ጎረቤት ፋኖስ መኖሩን ሳትለኪ በፊት አይተሻል?»

«እሱን የማየት ተራው የእሱ ነበር።»

«አይተሻል ወይ ነው ያልኩ።»

«አላየሁም።»

 በቆሸሸው ጣታቸው ማግኔቱ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር አሸዋ አሳዩዋት። «አንቺ ከነአሸዋው መዘነ» አሉ። «ልጁ ልክ ነው። ወላሂ፣ ባልነገርኩሽ ደስ ይለኝ ነበር።»

 ሥራውን ሲከፋፈሉ ብርሃኑን መለካት የእሷ ነበር፤ የኮከቦችን መዝገብ አመሳክሮ ጎረቤት መኖር አለመኖሩን ማጣራት ደግሞ የእሱ። ሲኮራረፉ እያንዳንዳቸው የየግማሻቸውን ይዘው ቀሩ። እሷም ‹ጉድለት ቢያገኝ ኖሮ ይነግረኝ ነበር› እያለች፣ ሄዳ ላለመጠየቅ ብላ፣ ወደፊት ገፋችበት። ነግሯት ነበር። ነገሩ የሚያንገበግበው እዚህ ላይ ነው። ወደ ኮሌጁ ተመለሰች።

ደብዳቤውን መምህራን ክፍል ውስጥ በመሳቢያዋ ፊት ቆማ ከፈተችው። መቀመጥ አልቻለችም።

«ሀምዲ፣

ስልክ ስደውል አታነሺም፣ ስታዪኝ ክፍሉን ለቀሽ ትወጫለሽ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ስለዚህ በመጽሐፋችን ጻፍኩልሽ።

ሁለት ነገር አለኝ። የሥራውን ላስቀድም፤ ለሌላኛው እስክደፍር። የኮከቦቹን መዝገብ ዛሬ ገና አየሁት። መዘግየቴ የኔ ጥፋት ነው። ከኮከባችን ጎን በብርሃን እኩያው የሆነ ሌላ ኮከብ አለ፤ በቴሌስኮፑ ምስል ሁለቱ አንድ ነጥብ ናቸው። የጎረቤቱን ስትቀንሺ የጎደለው ብርሃን እጥፍ ይሆናል፣ ስፋቷም ወደ ሁለት ነጥብ ሦስት ይጠጋል። ክብደቷ ያው ስድስት ነው። ስለዚህ ድንጋይ አይደለችም፣ ሀምዲ። ከመሬት በግማሽ የሳሳች ናት፤ ምናልባት ውሃ፣ ምናልባት በወፍራም አየር የተጠቀለለች። ድንጋይነቷን ምን ያህል እንደወደድሽው አውቃለሁ። ራስሽ አርመሽ አቅርቢው። እኔ እንዳየሁት ማንም ማወቅ የለበትም።

ሁለተኛው። አባቴ ሳይጠይቀኝ ወደ ኢልሊ ቤት ሽማግሌ ልኳል። አላገባትም አልኩት፣ እናቴ ባለችበት። ቤቱን ጥዬ ወጥቼ ይኸው ጓደኛዬ ዘንድ ነው የማድረው። የምፈልገው አንቺን ነው። አባትሽን እንዴት እንደምናሳምን፣ የኔን እንዴት እንደምናስታርቅ አላውቅም፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ታገቢኛለሽ ወይ? መልስሽን መጽሐፉ ውስጥ አድርጊልኝ። እስከ ሴሚናሩ ቀን እጠብቃለሁ። ዝም ካልሽ ዝምታሽን እንደ መልስ እወስደዋለሁ። አላስቸግርሽም።

ቦዔዝ።»

ሀምዲያ አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ስትገባ ቦዔዝን የምታገኘው እዚያ መጽሐፍ ላይ እጁን አሳርፎ ነበር። እሷን ለማናደድ የሚያደርገው መስሏት በሩን ወርውራ ትወጣ ነበር። ለካ በየጠዋቱ የእሷን መልስ ፍለጋ ነው የሚመጣው፤ በየጠዋቱም እምቢ ትለዋለች። አሁን አለቀሰች፤ ማንም ቢያያት ግድ አልነበራትም።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቷል። ሰው ሲዋረድ ለማየት የሚዘገይ የለም። ቦዔዝ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ሀምዲያ ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ ስድስትን ሰረዘች። በምትኩ ሁለት ነጥብ ሦስት ጻፈች፤ ከሥሩ ምን ያህል እንደታጨቀች የሚያሳየውን የእፍግታ ስሌት አስከተለች፤ የመሬት ግማሽ።

«ድንጋይ አይደለችም» አለች። «የጎረቤት ኮከብ ብርሃን ሳልቀንስ ለክቻለሁ። ስህተቱን ያገኘው መምህር ቦዔዝ ነው፤ ስሙም ከእኔ ስም ይቅደም። የዛሬ ሦስት ሳምንት በደብዳቤ ነግሮኛል። ደብዳቤውን የከፈትኩት ትናንት ነው። ያልከፈትኩት በራሴ ምክንያት ነው፤ እሱን ለማንም አላስረዳም። አልደበቅኩም፤ አላወቅኩም ነበር። ይኸው ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። ዶክተር ደባልቄ መነጽራቸውን አደረጉና «ይላካል» ብለው ተነሱ። ያቺ ድንጋይ ፕላኔት፣ የሁለት ዓመት ኩራቷ፣ እንዲህ በአንዲት ቃል ተሸኘች። ሀምዲያን ግን የከነከናት ከኋላ ያለው ሰው ፊት ነው። እንደ ትናንቱ የተዘጋ ነበር።

በሩ ላይ ጠበቀችው።

«አሁን አነበብሽው» አለ።

«አነበብኩት።»

«ትናንት ማታ ለአባቴ እሺ አልኩት። ዝምታሽን መልስ አድርጌ። ከዝምታም አልፌ ሐሰተኛ ናት ብዬ። እሁድ ሽማግሌዎቹ ቀን ሊቆርጡ ይሄዳሉ።» ድምፁ ውስጥ ርኅራኄ አልነበረም። «አንቺ ወሬ ሰምተሽ ፈረድሽብኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። አንድ ጊዜ እንኳን እውነት ነው ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

«አንተስ ጠየቅከኝ? ለምን ዝም አልሽ ብለህ አንድ ቀን መጣህ? ወረቀት አስቀምጠህ መደርደሪያ ስትደባብስ ከረምክ። ከዚያ አፍህ የተፈታው በሰው ፊት ነው።»

ቦዔዝ ከበሩ ላይ ዘወር ብሎ መንገድ ለቀቀላት። 

«መልሴን መጽሐፉ ውስጥ አድርጌዋለሁ» አለች ሀምዲያ። «እንዳልከው። ቀኑ አልፎበት ከሆነ እዚያው ይቅር።»

ወጥታ ሄደች። ግን ከትልቁ ማንጎ ማለፍ አልቻለችም። ከዚያ ሆና የመምህራኑ ክፍል መስኮት ይታያታል። ቦዔዝ ገባ። መጽሐፉ ላይ እጁን አሳረፈ፣ እንደዚያ እንደለመደው። ደብዳቤዋን አወጣ። አገላብጦ አየው። ከዚያ ሳይከፍተው ሸሚዙ ኪስ ከተተው።

 ያደረገችውን እያደረገባት ነው፤ ክፉ ሰው። ልክ ነው ደግሞ። እስከ እሁድ ሦስት ቀን አለ፤ ሦስት ቀን እንኳን እንዴት እንደሚያልፍላት አታውቅም፣ እሱን ሦስት ሳምንት አስቆጥራዋለች። ፊቷን ወደ ግቢው በር አዙራ መራመድ ጀመረች።

«ሀምዲ።»

ከኋላዋ መጥቷል። ያለከልካል። ፊቱ አሁንም የቁጣ ነው።

«ወረቀት ሰልችቶኛል» አለ ደረት ኪሱን እየነካ። «አልከፍተውም። አንቺው በአፍሽ ንገሪኝ።»

ተያዩ። ትናንት የተወራወሩት ሁሉ በመካከላቸው እንዳለ ነው፤ አንዱም አልተነሳም። ሀምዲያ እንዲያውም ልትሳደብ አምሯት ነበር።

«አዎ» አለች። «አገባሃለሁ።»

ቦዔዝ እጁን ከኪሱ ላይ አነሳ። «ለአባቴ እሺ ብያለሁ እኮ።»

«ዛሬውኑ ሂድና እምቢ በል። ለኢልሊም አንተው ራስህ ንገራት፤ እንደ እኔ ገበያ ላይ አትስማው።»

«አባትሽስ?»

«ልጁ ልክ ነው ብሎሃል። ስለ ሌላው ምንም አላለም።»

በከሳው ፊቱ ላይ አንድ ነገር ውልብ አለ፤ ሳቅ ግን አልሆነም። አልተቃቀፉም፣ እጅም አልተያያዙ። እሱ ወደ ባምባሲ መኪና ተራ፣ እሷ ወደ አባቷ ሱቅ የሚወስደው መንገድ እስከ አደባባዩ ድረስ አንድ ነውና፣ እንደተቆጡ፣ ጎን ለጎን ሄዱ። ሀምዲያ እግሯ ከእግሩ እኩል ሲራመድ ሰማች።

ያን ደብዳቤ ቦዔዝ እስከ ዛሬ አልከፈተውም። ሀምዲያም ክፈተው ብላው አታውቅም።